ለፕሮቶን ጨረር ከመነሳትሽ በፊት ከዕጢው የተወሰደውን ናሙና (ብሎኩን) በእጅሽ አድርጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ6 ዓመት ልጅሽ ከኋላ ጭንቅላቷ ዕጢ ወጥቶላት ውጤቱ ሜዱሎብላስቶማ (የልጆች የአንጎል ካንሰር) ተብሏል፤ «ህንድ ሄዳችሁ ፕሮቶን የሚባለውን ጨረር አድርጉላት» ተብለሽ ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። እግዚአብሔር ይማርልሽ። የእኔም ልጅ ያው ነበር፣ በ7 ዓመቱ። ያየሁትን ሁሉ ልንገርሽ።

1. ፕሮቶን የበለጠ ያድናል የሚልሽን አትስሚ። እኔን አንድ ደላላ «ካንሰሩን ከሥሩ ይነቅለዋል» ብሎ አሳምኖኝ ቤት ልሸጥ ነበር። እውነቱን የነገረችኝ የልጆች ካንሰር ሐኪሟ ናት፦ ለዚህ በሽታ የመዳን ዕድሉ ከተለመደው ጨረር ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ልዩነቱ በኋላ በሚተርፈው ጉዳት ላይ ነው። መላው አንጎልና የጀርባ አጥንቱ ጨረር ማግኘት አለበት። የተለመደው በጀርባ ገብቶ በፊት ለፊት ይወጣል፤ ታይሮይዱን፣ ልቡን፣ ሳንባውን፣ አንጀቱን እየነካ። ፕሮቶን ግን የተለካለት ጥልቀት ላይ ሲደርስ ኃይሉን ጥሎ እዚያው ይቆማል። ገና 60 እና 70 ዓመት ለሚኖር ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንጎሉ ግን በፕሮቶንም ቢሆን ጨረሩን ያገኛል፤ ትምህርቱን፣ ዕድገቱንና ሆርሞኑን መከታተል አይቀርልሽም። ስለዚህ ገንዘቡ ካልሞላ ወይም ቪዛው ከዘገየ ጥቁር አንበሳም የጨረር ሕክምና አለ፤ ፕሮቶን እጠብቃለሁ ብለሽ ቀን እንዳታሳልፊ። ቀኑ ነው የሚጎዳው። ከቀዶ ሕክምናው 4 ሳምንት ገደማ ላይ መጀመር አለበት፤ ከ49 ቀን በላይ የዘገዩት ልጆች ውጤታቸው መክፋቱ በጥናት ታይቷል።

2. ወረቀት። ኤምአርአዩን በሲዲ ተቀበይ፤ የፊልሙ ፎቶ አይጠቅማቸውም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የተነሳው ኤምአርአይ የግድ ያስፈልጋል፤ ካለፈ ጠባሳውና የቀረው ዕጢ አይለይም። የቀረው ከ1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ልጁ የሚመደበው ከፍተኛ ስጋት ካላቸው ጋር ነው። የጀርባው ኤምአርአይና ከወገቡ የተቀዳው ፈሳሽ ውጤትም አይቅር። ይህን ሁሉ ይዤ ነበር፣ በላስቲክ አድርጌ በየቀናቸው ደርድሬ። ህንድ፣ ቼናይ ከተማ ያለው ሐኪም አገላብጦ አይቶ «ብሎኩስ?» አለኝ።

ብሎክ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ከልጁ ጭንቅላት የወጣው ሥጋ በሰም ውስጥ ተቀብሮ ላቦራቶሪው ዘንድ የሚቀመጠው ነው። እኔ የያዝኩት የፓቶሎጂውን (የዕጢውን ምርመራ ውጤት) ወረቀት ብቻ ነበር። እነሱ ግን ራሳቸው ማየት አለባቸው፤ ሜዱሎብላስቶማ አራት ዓይነት አለው፣ የትኛው እንደሆነ በብሎኩ ይመረመራል። ያንን ሳያረጋግጡ ለአንጎሉና ለጀርባው 23.4 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይበቃዋል ወይስ 36 ያስፈልገዋል የሚለውን አንወስንም አሉ። ትክክል ናቸው። በልጅ ላይ ያ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ከቀዶ ሕክምናው በ22ኛው ቀን ነው። በ24ኛው ቀን ወንድሜን ደውዬ ላክሁት። ሥራው ሜክሲኮ ነው፣ ላቦራቶሪው በእግር ይደረሳል፣ ስለዚህ በምሳ ሰዓቱ ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ቀና ብላ ሳታየው «ለቤተሰብ አይሰጥም» አለችው። የሐኪም ደብዳቤ አመጣ፤ ማኅተም የለውም ተባለ። ማኅተም አስመትቶ ሲመለስ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሰኞ ና»። ሰኞ «እናትየው ራሷ ትፈርም» አሉት። እናትየው ህንድ ናት እኮ! ልጁ ሆስፒታል ነው እያለ ለምኗል፣ አንዷ «ታዲያ ለምን ቀድማችሁ አላሰባችሁም» ብላዋለች። ያቺን ቃል ዛሬም አልረሳኋትም። አምስተኛው ቀን ላይ አንድ ፓቶሎጂስት ጩኸቱን ሰምተው ወጡ፣ መዝገብ ላይ አስፈርመው በአሥር ደቂቃ ሰጡት። አሥር ደቂቃ! ከዚያ ወደ ቼናይ የሚመጣ ሌላ ታማሚ ቤተሰብ ፈልገን ይዘውልን መጡ፤ 37ኛው ቀን ላይ ደረሰ። ልጄ ጨረሩን የጀመረው በ46ኛው ቀን ነው። እነዚያን ሌሊቶች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ ዛሬ፣ ነገ ሳትዪ፣ ቀዶ ሕክምናውን የሠራውን ሐኪም «ብሎኩና ስላይዱ (መስታወት ላይ ያለው ናሙና) ለእናትየው ይሰጥ» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጽፊው። የአባቷም ስም ይግባበት። ብሎኩ በረዶ አይፈልግም፤ ከፀሐይና ከሙቀት ብቻ ጠብቂው፣ በእጅ ሻንጣሽ ያዢው። የደብዳቤውን ኮፒ አስነስተሽ ሦስት ቦታ አስቀምጪ።

3. የሕክምና ቦርድ ወረቀቱን ልጅሽ አልጋ ላይ ሳለች ጀምሪ። ያለ እሱ ባንኩ ስለ ዶላር ሊያናግረኝም አልፈለገም። ለህንድ የሕክምና ቪዛ ሁለት አስታማሚ ይፈቀዳል፤ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ብቻሽን አትችይውም። ደላላ አያስፈልግሽም። ቼናይ አፖሎ ሆስፒታል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮቶን አለው፣ ሙምባይም የመንግሥቱ ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል በ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሯል፤ በቀጥታ በኢሜይል ጻፊላቸው። እኔ በሰባራ እንግሊዝኛ ጽፌ መልስ አግኝቻለሁ፤ የደላላውን ገንዘብ ለቤት ኪራይ አደረግሁት።

ጨረሩ ራሱ አያምም። ለልጄ 30 ጊዜ ነበር፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት። ፊቱ ላይ የተሠራለትን ጭንብል ለብሶ ሳይነቃነቅ መተኛት ነው ጭንቁ። ትንንሾቹን በየቀኑ በማደንዘዣ ያስተኟቸዋል፣ ከሌሊት ጀምሮ ጾም ናቸው፣ በጣም ያሳዝናሉ። እኔ ልጄን ገና እዚህ ሳለን አልጋ ላይ በጀርባው አስተኝቼ «ሐውልት» እያልኩ አጫውተው ነበር፤ መጀመሪያ 5 ደቂቃ፣ በኋላ ግማሽ ሰዓት። አንድም ቀን ማደንዘዣ ሳይወስድ ጨረሰ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡለት። ልጅሽም 6 ዓመቷ ነው፣ ዛሬ ማታ ጀምሪላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኬሞ እዚሁ ተመልሰን ነው የጨረስነው። የጆሮ ምርመራውን አትተዪ፣ ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ጆሮ ይጎዳል። የእኔ ልጅ በቀኙ ትንሽ ይከብደዋል፤ አስተማሪዋን ነግሬያት የፊተኛው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

ወንድሜ በመጨረሻ ያስጻፈው ደብዳቤ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ማታ እልክልሻለሁ፤ ስሙን ብቻ ቀይረሽ ለሐኪሙ አሳዪው።