«ካላላበህ ዋጋ የለውም» ይለኛል ልጄ

ጥያቄ፦ 56 ዓመቴ ነው። ግፊትም ስኳርም አለብኝ፣ አባቴም ያረፉት በልብ ሕመም ነው። ሐኪሜ ስፖርት ሥራ ብሎኝ በቀስታ መራመድ ጀምሬ ነበር። ልጄ ግን «አባዬ፣ ካላላበህ ዋጋ የለውም፣ ሩጥ» እያለ አስጨነቀኝ። ልሩጥ?

መልስ፦ ልጅዎ ግማሹ ልክ ነው። ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የልብንና የሳንባን አቅም ከቀስታ እርምጃ የበለጠ ያሳድጋል። ችግሩ ዓመታት ሙሉ ወንበር ላይ የኖረ ሰው አንድ ቀን ብድግ ብሎ ሲሮጥ ነው። ያኔ የልብ ምትም ግፊትም በአንዴ ያሻቅባል፤ የልብ ደም ሥር ውስጥ የተጋገረ ስብ ካለ ሊሰነጠቅና ደም ሊረጋበት ይችላል። ለለመደ ሰው ይሄ አደጋ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ሩጫውን ሳይሆን ድንገተኛነቱን ይፍሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ጠንካራ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። እርስዎ ከመካከለኛው ይጀምሩ። መካከለኛ ማለት እየሄዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ካጠረዎት አልፈውታል። (ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ ወሬ ከያዘ ሩጫውን ይረሳው ይሆናል።) መጀመሪያ ላይ 10 ደቂቃም ጥሩ ነው፣ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። ሲጀምሩም ሲጨርሱም ለ5 ደቂቃ ያህል ቀስ ይበሉ፣ ድንገት ቀጥ ብሎ መቆም ግፊት ጥሎ ያዞራል።

ልብ በደቂቃ ቢበዛ ስንት ጊዜ መምታት እንደሚችል ለመገመት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚባለውን ስሌት ብዙ አይመኑት። በተለይ የግፊት መድኃኒትዎ እንደ አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ያለ ከሆነ የልብ ምትን ስለሚይዝ፣ ሰዓትዎ ላይ የሚያዩት የልብ ምት ቁጥር ትንሽ ሆኖ እርስዎ ግን አቅምዎን ጨርሰው ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከመውጣትዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ።

ወደ ሩጫ ከመሸጋገርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ እየተራመዱ የሚሠራ የልብ ምርመራ ሊያዝልዎት ይችላል።

ደረትዎን ከተጫነዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ካዞረዎት ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካላበዎት ወዲያው ያቁሙ። በደቂቃዎች ውስጥ ካልተወዎት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው የደረት ሕመሙ ጭራሽ ላይሰማው ይችላል። ትናንት ቀልሎዎት የወጡት ደረጃ ዛሬ ትንፋሽ ካሳጣዎት፣ «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት፤ በዚያው ቀን ይታዩ።