ቀለም ከገባ በኋላ የሚመጣ እርማት

ሰላም ወንድሜ። ከደብረ ማርቆስ የጠየቅኸውን አየሁት። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ታሪክ በ24 ገጽ ኮሚክ እየሣልክ ነው፤ አርታኢው ደግሞ 6 ገጽ በቀለም ካለቀ በኋላ «ዘውዱ ይውጣ፣ ሳጥኖቹ ይቀነሱ፣ ፊቱ ቆጣ ይበል» ብሎ መልሶብሃል (ሳጥን የምንለው ገጹ የሚከፈልበትን እያንዳንዱን የሥዕል ክፍል ነው)። ሦስቱን በአንድ ሙግት አትያዛቸው፤ ባለቤታቸው ይለያያል።

ዘውዱ የታሪክ ጉዳይ ነው። ራስ አዳል ተሰማ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት በ1873 ዓ.ም. ነው። ትዕይንቱ ከዚያ በፊት ከሆነ ያለ ክርክር አውርደው። የ1874ቱ የእምባቦ ጦርነት ከሆነ ግን ንጉሥ ናቸውና ዓመቱን ጠቅሰህ መልስለት። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደነበርም ጽሑፉ ላይ እይ፤ ዘውድ የሚያሳድድ አርታኢ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ሳጥኖቹ ላይ፣ ቅር አይበልህና፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ የሚሆነው አርታኢው ነው። በኤ3 ወረቀት ስትሥል ቦታው ሰፊ ይመስልሃል። በኤ5 ሲታተም ግን ቁመቱም ወርዱም በግማሽ ይቀንሳል፦ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው ፊደል 1.5 ይሆናል፣ እነ «ጨ» እና «ጩ» ይደፈናሉ፣ ቀጭን መስመር ይቆራረጣል። ገጹን በፎቶ ኮፒ ወደ 50 በመቶ አሳንሳችሁ አብራችሁ እዩት፤ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ይቀራል። ንግግር የበዛበት ገጽ ከ6 ሳጥን ካለፈ መጨናነቁ አይቀርም። ያም ሆኖ ሥዕሉ ከመነካቱ በፊት ጽሑፉ ይቆረጥ፤ ለአንድ የንግግር አረፋ 15 ቃል ይበቃል። ሳጥን ስትቀንስ ትዕይንቱ ወደሚቀጥለው ገጽ እንዳይገፋ ተጠንቀቅ። አንባቢን የሚያስደነግጠው ሥዕል በግራ፣ ማለትም በጥንድ ቁጥር ገጽ መሆን አለበት። ወደ ቀኝ ከተሻገረ መጽሐፉ እንደተገለጠ ዓይን ቀድሞ ያየዋል።

ፊቱ ያንተ ነው። «ቆጣ ይበል» ካለህ «አንባቢው ምኑ አይገባውም?» ብለህ ጠይቀው። ችግሩ ያለፈው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ገጸ ባሕርዩ የአሳታሚው ንብረት ሲሆን ግን ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው የኮሚክ አሳታሚ ዲሲ፣ ስመ ጥሩው ሠዓሊ ጃክ ከርቢ የሣላቸውን የሱፐርማን ፊቶች በሌሎች ሠዓሊዎች እንደገና አሥሏል። ያውም ከርቢን! ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይስፈር።

አሁን ስድስቱን ገጽ እንደ አዲስ አትሣል። የሚቀየረውን ራስ ብቻ በሌላ ወረቀት ሥለህ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርግና በኮምፒውተር ተካው፤ ዋናውን ወረቀት አትፋቅ። ጽሑፉንም ከሥዕሉ ለይተህ በራሱ ሌየር (በፋይሉ ውስጥ ለብቻው በሚነሣ ንብርብር) አስቀምጥ። ለቀሪዎቹ 18 ገጾች ረቂቁ ላይ ሁለት ዙር፣ እርሳሱ ላይ አንድ ዙር እርማት ተስማሙ። ቀለም ከገባ በኋላ የሚነካው የፊደል ግድፈትና የታሪክ ስህተት ብቻ ይሁን፤ ሌላው በተጨማሪ ክፍያ። በስልክ የነገረህን በቴሌግራም ጽፈህ አረጋግጥ፤ እርሳሱ መጽደቁን በጽሑፍ ሳይልክልህም ብሩሽ አታንሳ።