በውርጭ ደንዝዞ የተገኘ የሌሊት ወፍ

«በረንዳዬ ላይ የሌሊት ወፍ ወድቆ አገኘሁ፤ አይንቀሳቀስም። ሞቷል ወይስ ወተት ልስጠው?» ላልሽው እህቴ፣ በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሆንሽ ሞቷል ብለሽ አትቸኩዪ። ብርድ ሲበረታ ሰውነቱ ሙቀቱን ቀንሶ ይደነዝዛል፤ ትንፋሹም እስከማይታይ ድረስ ይዘገያል። እኔ ያገኘሁት እንደ ደረቅ ቅጠል ተጨማድዶ ነበር፤ ነፍሱ ግን አልወጣችም።

አንደኛ፣ በባዶ እጅ አትንኪው። ወፍራም ጓንት ወይም ፎጣ ተጠቀሚ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከነከሰሽ ወይም ከቧጨረሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ክትባቱ አያድንም።

ሁለተኛ፣ አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ የሚንጠለጠልበት ጨርቅ አድርጊለት። ለብ ያለ ውሃ የሞላሽውን ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለሽ በአንድ ጥግ አኑሪ፤ ሲሞቀው ራሱ ይሸሻል።

ሦስተኛ፣ ከከሰል ምድጃ አርቂው! ጎረቤታችን እማማ እንዲህ ያለውን ምስኪን በርኅራኄ ምድጃ ሥር አኑረውት እዚያው ደርቆ ቀረ፤ እስካሁን ያዝናሉ። ውሃ ያልጠጣ ሰውነት ድንገተኛ ሙቀት አይችልም።

እኔ ካርቶኑን ይዤ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «እኛ ላምና በግ ነው የምናክመው፤ ወርውረው» አለኝ። ያንን ንግግር ዛሬም አልረሳውም። ከጎኔ የተቀመጡት አርሶ አደር ትል ሰብላቸውን እንደፈጀባቸው ሲያማርሩ ይሰማል፤ የዚያን ትል እናት፣ የእሳት እራቷን፣ ሌሊት ሲያድን የሚያድረው ግን ካርቶኑ ውስጥ ያለው ነው!

ቤት ተመልሼ በጥጥ ጫፍ ውሃ ከንፈሩ ላይ ጠብ አደረግሁለት። ወተት በፍጹም አትስጪው። ቆይቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ስታዪው አትደንግጪ፣ ሙቀት የሚያመነጨው በዚያ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከነጨርቁ ከአጥሩ ግንብ ላይ ሰቀልሁት፤ ብዙዎቹ ከመሬት መነሣት ስለሚከብዳቸው ከፍታ ይፈልጋሉ። ወደ ላይ መወርወር ግን ክንፉን ሊሰብርበት ይችላል። ጥቂት ቆይቶ በባሕር ዛፎቹ መካከል በረረ። እኔ አዳንሁት ብል አላፍርም።

የአውሮፓ ሰዎች «ተኝቶ ካገኛችሁት አትቀስቅሱት» ሲሉ ብታነቢ ለእነሱ አገር ትክክል ነው፤ ብርዱ ወራት ስለሚዘልቅ ያለ ጊዜው መንቃት የቋጠረውን ስብ ይጨርስበታል። እኛ ዘንድ ግን ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ነፍሳትም አይጠፉም። ክንፉ ካልተሰበረና ነፋስ ከሌለ ነገ ምሽት ልቀቂው። ዛሬ ግን ካርቶኑን ክዳኑን ዘግተሽ ድመት የማይደርስበት ክፍል ውስጥ አሳድሪው።