የእስክንድርያው የመብራት ማማ ምን ቀረለት?

ጥያቄ፦ በግብፅ እስክንድርያ መርከብ ይመራ የነበረው ጥንታዊ የመብራት ማማ ፈርሷል ይባላል። ዛሬ የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ብዙው ግን ባሕር ውስጥ ነው። ማማው ከታች አራት ማዕዘን፣ ከመካከሉ ስምንት ማዕዘን፣ ከጫፉ ክብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1303 እና በ1323 የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ክፉኛ ጎዱት። በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ በቦታው ምሽግ ሲያሠራ የማማውን ድንጋዮች ለግንቡ ተጠቀመባቸው። በ1994 ጠላቂዎች ከምሽጉ አጠገብ ከ50 ቶን በላይ የሚመዝኑ ጥርብ ድንጋዮች አገኙ።

ከባሕር የወጣ ድንጋይ ወዲያው ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ውስጡ የሰረገው ጨው ሲደርቅ እየጠጠረ ገጹን እንደ ቅርፊት ያነሳዋል፤ የሚያሳዝነው፣ ቀድሞ የሚጠፋው ቅርጹ ያለበት ገጽ ነው። ስለዚህ ጨው በሌለው ውኃ ለወራት ይዘፈዘፋል፤ ድንጋዩ ጨው መልቀቁን እስኪያቆም ድረስም ውኃው ይለወጣል።