የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከመርከብ ሞተር ክፍል

«በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። በንግድ መርከብ ላይ መሐንዲስ መኮንን ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል? ከባሕር ኃይል መሐንዲስስ በምን ይለያል?» አንባቢ፣ ከሐዋሳ

ዲግሪው ጥሩ መነሻ ነው፤ ማዕረጉን የሚያስገኘው ግን ባሕር ላይ የሚቆዩት ጊዜ ነው። ኤስቲሲደብሊው በሚባለው የባሕረኞች ሥልጠናና ብቃት ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት፣ በጸደቀ የሥልጠና ፕሮግራም ለሚያልፍ ሰው ለመጀመሪያው የመኮንንነት ፈቃድ የወርክሾፕ ሥልጠናና የባሕር አገልግሎት ተደምሮ ቢያንስ 12 ወር ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩን በሞተር ክፍል፣ ፈቃድ ባለው መኮንን ሥር ዋች (የተራ ጥበቃ) መቆም ግድ ነው። 3,000 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ጉልበት ባለው መርከብ ላይ ሴኮንድ ኢንጂነር (የሞተር ክፍሉ ምክትል ኃላፊ) ለመሆን በመኮንንነት 12 ወር፣ ቺፍ ኢንጂነር (ዋና ኃላፊ) ለመሆን 36 ወር የባሕር አገልግሎት ይጠየቃል። ከአገልግሎቱ 12 ወሩን በሴኮንድነት ከሠሩ 36ቱ ወደ 24 ሊወርድ ይችላል። ፈተናና ኮርስ ደግሞ ከዚህ ሌላ ነው።

አደራ፣ የሥልጠና መዝገብዎን በየሥራው ያስፈርሙ። ያሠለጠነዎት ኢንጂነር ኮንትራቱን ጨርሶ ከወረደ በኋላ ፊርማ ማግኘት ከባድ ነው።

የባሕር ኃይሉ መሐንዲስ ግን ወታደር ነው። መርከቡ ሲመታ ውኃ የገባበትን ክፍል ማስዘጋት፣ እሳት ማስጠፋትና የተቋረጠውን መብራት መመለስ የእሱ ኃላፊነት ነው።

«ካዴት ነኝ። ፒዩሪፋየራችን ከባድ ጥቁር ናፍጣውን በውኃ መውጫው በኩል ይተፋዋል። ሴኮንዱ ‹ሙቀቱን እይ› አለኝ፤ ቴርሞሜትሩ 85 ይላል። ምን አገናኘው?» አንባቢ፣ ከመርከብ ላይ

ሴኮንዱ እውነቱን ነው። ፒዩሪፋየር ነዳጅን ከውኃና ከዝቃጭ የሚለይ ማሽን ነው። ማሽኑ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ሲሾር ከባዱ ውኃ ወደ ውጭኛው ግድግዳ፣ ቀለል ያለው ነዳጅ ወደ መሐል ይሄዳል። ዳር ላይ የሚቆመው የውኃ ቀለበት ነዳጁ በውኃ መውጫው እንዳያመልጥ ይዘጋል። ይህ ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣራው 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። 85 ላይ ይወፍራል፣ እፍጋቱም (ዴንሲቲው) ይጨምራል፤ በነዳጁና በውኃው መካከል ያለውን ድንበር ወደ ውጭ ይገፋና የውኃውን ቀለበት ይሰብረዋል። ከ100 ማሳለፍም መፍትሔ አይደለም፤ ያን ጊዜ ውኃው ራሱ ይፈላና ቀለበቱ ይጠፋል።

መጀመሪያ ነዳጁ ወደ ማሽኑ እንዳይገባ ወደ ታንኩ ይመልሱት። ቀጥሎ ማሞቂያውን ይመልከቱ፦ የእንፋሎት ቫልቩ በደንብ ተከፍቷል? ቱቦዎቹ በዝቃጭ ተሸፍነዋል? ሙቀቱ 98 ደርሶ ከተረጋጋ በኋላ ቀለበቱን የሚሠራውን ውኃ ይሙሉ፤ ነዳጁን በዝግታ ይክፈቱ። በአንድ ጊዜ በኃይል መክፈት ብቻውን ቀለበቱን ሊሰብረው ይችላል።

አሁንም ከተፋ የግራቪቲ ዲስኩን፣ ማለትም የነዳጁና የውኃው ድንበር የት እንደሚቆም የሚወስነውን ባለ ቀዳዳ ቀለበት፣ ይጠርጥሩ። በቅርቡ ነዳጅ ከቀዳችሁ የአዲሱን ነዳጅ እፍጋት ከአቅርቦት ሰነዱ ላይ ያንብቡና በማሽኑ መመሪያ ሰንጠረዥ ላይ ትክክለኛውን መጠን ያግኙ። ቀዳዳው ከሚገባው በላይ የሰፋ ዲስክ ድንበሩን ወደ ውጭ ይጎትተዋል።

ነዳጁ የሚወጣው በውኃ መውጫው ሳይሆን በዝቃጭ ታንኩ በኩል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነዳጁ የሚሾርበት ሳህን (ቦውል) አልተዘጋም ማለት ነው፤ የመዝጊያውን ውኃ ግፊት፣ የተደፈነውን ቀዳዳና ያረጀውን የጎማ ቀለበት ይፈትሹ። ማሽኑን የሚፈቱት ፈጽሞ ቆሞ ሲያዩት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ደቂቃዎች ይሾራል። የብዙዎቹ ትልቁ ማሰሪያ ቀለበት የግራ ጥርስ (ሲፈታ ወደ ቀኝ የሚዞር) ነው፤ «እምቢ አለኝ» ብለው በኃይል ወደ ተለመደው አቅጣጫ ቢመቱት ጥርሱን ይበሉታል።

«ደላላ ልጄን መርከብ ላይ ለማስቀጠር ገንዘብ ጠየቀኝ። ልክፈል?» እናት፣ ከአዲስ አበባ

አይክፈሉ፣ እናቴ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ከሠራተኛው የማስቀጠሪያ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል። ልጅዎ ሊከፍል የሚችለው ለሕክምና ምስክር ወረቀት፣ ለባሕረኛነት ደብተርና ለፓስፖርት ብቻ ነው። የቪዛው ወጪ እንኳ የመርከቡ ባለቤት ነው። ከመሳፈሩም በፊት የተፈረመ ውል በእጁ ይኑር፤ ደመወዙ፣ የመመለሻ ትኬቱና ዕረፍቱ መጻፋቸውን ይዩ። ዕረፍቱ በየ24 ሰዓቱ ከ10፣ በየሳምንቱ ከ77 ሰዓት ማነስ የለበትም።