መልስ፦ «ዘመድ የሌለኝ የአካውንቲንግ ተማሪ ማንን ልጠይቅ?»

ከአባትሽ ጀምሪ። የጫኝና አውራጅ ልጅ ስለሆንሽ ስለ ሙያው የሚመክርሽ፣ የሚያውቅሽ ባለሙያ እንደሌለ ከድሬዳዋ ጽፈሻል፤ አባትሽ ግን ዕቃ የሚያወርድበት መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ አለው፣ እሱም አባትሽን በስሙ ይጠራዋል። «ልጄ አካውንቲንግ ትማራለች፣ ጥቂት ታናግርልኝ?» ይበልልሽ። ይህ ከማንኛውም የማመልከቻ ደብዳቤ ይበልጣል።

ቀጥሎ ዲፓርትመንትሽ ሄደሽ ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ የት የት እንደተላኩ ጠይቂ። ከልምምዱ በኋላ እዚያው ተቀጥረው ከቀሩት አንዷን ፈልጊ፤ የቅርብ ተመራቂ ጥያቄሽን አይንቅም። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣናና የጉምሩክ አስተላላፊዎች ቢሮም አይለፉሽ፤ የጂቡቲ ዕቃ ባለበት ሁሉ የሚመዘገብ ሒሳብ አለ።

ስትሄጂ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ሂጂ። ሥራ አትለምኚ። «ሥራውን እንዴት ጀመሩት? እኔ አሁን የትኛውን ሶፍትዌር ብለምድ ይሻላል?» በይ፣ መልሱን ፊታቸው በማስታወሻ ጻፊ። የዚያኑ ቀን ማታ አጭር የምስጋና መልእክት ላኪ። ከወር በኋላ ደግሞ ምክራቸውን ምን ላይ እንዳዋልሽው ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ አትጥፊ። እኔም ከቤታችን የመጀመሪያው ተማሪ ነበርኩ። አንድ ደግ የሒሳብ ባለሙያ «ከዚራ» ሰፈር ባለው ቢሮው አስቀምጦ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር) አሳየኝ። ላስቸግረው አልፈልግም ብዬ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ተመርቄ ስደውል «ማን ልበል?» አለኝ። ይሉኝታ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሥራ ሲፈልግ ብቻ የሚደውል ሰው አድርጎ ቆጠረኝ።