22 ሴንቲ ሜትር ሲስት በካሜራ ይወጣል ወይ ላልከው ወንድማችን

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ስላለችው የ24 ዓመት እህትህ ነው የጠየቅከው፤ ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማፍሪያዋ) ላይ 22 ሴንቲ ሜትር ሲስት (ውሃ የቋጠረ ከረጢት) ታየ፣ ሆዷ ሳይቀደድ በካሜራ (በትንንሽ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ) ይወጣል ወይስ ክሊኒክ በመርፌ ይቀዳላት ብለሃል።

1. መርፌውን እርሳው። ውሃው ቢቀዳም ከረጢቱ እዚያው ስላለ ብዙ ጊዜ መልሶ ይሞላል። የተቀዳው ውሃ «ንጹሕ ነው» ቢባልም ዋስትና አይሆንም፤ ክፉው ነገር ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ካንሰር ሆኖ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ደረጃ 1ኤ (በአንድ ኦቫሪ ውስጥ ብቻ ያለ) የነበረው 1ሲ (ከረጢቱ የፈነዳ) ይሆናል፤ በኦፕራሲዮን ብቻ ሊያልቅ የሚችለው ኬሞ ሊያስፈልገው ይችላል።

2. መጠኑ ብቻውን ካሜራ አይከለክልም፤ ወሳኙ ውስጡ ነው። ወረቀቱ ላይ «ትልቅ ሲስት» ብቻ ተጽፎ ከሆነ (እንዲህ እየጻፉ ሰው ያንከራትታሉ) ተመልሰህ አስጽፍ፦ አንድ ክፍል ነው ወይስ የተከፋፈለ? ጠጣር ነገር አለው? ሆድ ውስጥ ውሃ አለ? አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ቀጭን፣ ጠጣር የሌለው ከሆነ ለካሜራ ምቹ ነው። ጠጣርና ውሃ ካለው ግን ሆድ ተከፍቶ ሳይፈነዳ ሙሉውን ቢወጣ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ከሐኪም አትከራከር። በእሷ ዕድሜ ሲኤ-125 የሚባለው የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራ ብቻ አይበቃም፤ ሌሎቹ ጠቋሚዎች ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂና ኤልዲኤች ይታዩላት። ሲኤ-125 በሆድ ቲቢም በወር አበባም ይጨምራል፣ ቁጥሩን አይታችሁ ለቅሶ አትቀመጡ።

3. ለካሜራ ምቹ ነው ከተባለ ሐኪሙን «በየት በኩል ይገባሉ?» በለው። የተለመደው እምብርት ነው፤ ይህን የሚያህል ሲስት ግን እምብርትን ያልፋል፣ በጭፍን የገባ መርፌ ሊበሳው ይችላል። ስለዚህ ጨጓራዋ በቱቦ ባዶ ተደርጎ ከግራ ጎድን ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ወይም በትንሽ ቅድ በዓይን እየታየ ይገባል። ኳስ ቢሆን 5 ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል፣ ከባለ አምስቱ የዘይት ጀሪካን ይበልጣል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቅድ ግድግዳው ላይ እንደ ከረጢት አፍ የሚሸመቅ ክር ይሰፋል፣ መሃሉ ላይ የመምጠጫ ቱቦ ይገባና ውሃው ሆድ ውስጥ እንዳይፈስ ክሩ ተስቦ ይታሰራል። መምጠጡ ቀስ እያለ ነው፤ ባንዴ ከተለቀቀ የደም ግፊቷ ሊወርድ ይችላል። የሟሸሸው ከረጢት በዚያው ቅድ ይሳባል፣ ከጤናማው ኦቫሪ ተላጦ ይወጣል፣ የቀረው ተሰፍቶ ይመለሳል። ኦቫሪው እንዲተርፍላት እንደምትፈልጉ ከመተኛቷ በፊት ተናገሩ።

ኦፕራሲዮኑ ከመድረሱ በፊት ድንገት የሚያጣጥፍ ሕመምና ትውከት ከመጣ ኦቫሪው ተጠማዞ ይሆናል፤ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሩጡ።

አሁን ልፋቱ ሁሉ ገደል የሚገባበት ቦታ፦ ናሙናው፣ ማለትም ካንሰር መሆን አለመሆኑ እንዲመረመር የሚላከው የወጣው ሥጋ። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው ይዞ አዲስ አበባ የሚወርደው። በሃይላንድ ጠርሙስ ይሰጡሃል፤ ሥጋው ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ) ውስጥ ሲጠጥር በጠባቡ አፍ አይወጣም። አፈ ሰፊ ዕቃ ከቤት ይዘህ ሂድ። ፎርማሊኑ 10 በመቶ ነው፦ አንድ እጅ ከወፍራሙ (ካልተበረዘው)፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ፤ መጠኑም የናሙናው አሥር እጥፍ። በግሉኮስ ወይም በአልኮል የሚልክ አለ፣ እንዳትቀበል። ስሟና የካርድ ቁጥሯ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይለዋወጣል። መቀበያ መስኮት ላይ ስም የሌለው ዕቃ ይዘህ ከቀረብክ ተሰድበህ ትመለሳለህ፤ ስድቡ ነውር ቢሆንም አለመቀበላቸው ልክ ነው። ክዳኑን በፕላስተር ዙርና መኪና ውስጥ እግሮችህ መሃል አቁመው፤ ፖርቶ መጋላ ላይ እንዳትጭነው።